የደጋፊው ውጤት ምን ይለካል? የ1999 የፊላደልፊያ ኢግልስ ምርጫ እንደ ማሳያ

አጽሕሮተ ጽሑፍ

በአሜሪካ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሊግ (ኤንኤፍኤል) ክለቦች በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ይመርጣሉ። ደጋፊዎችም ምርጫው በተጠናቀቀ በሰዓታት ውስጥ ለክለባቸው ውጤት ይሰጣሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ ያ ውጤት በእርግጥ ምን እንደሚለካ ይመረምራል። ዋና ማሳያው የፊላደልፊያ ኢግልስ ደጋፊዎች በ1999 በዶኖቫን ማክናብ መመረጥ ላይ ያሰሙት ተቃውሞ ሲሆን፣ የሲያትል ሲሃውክስ የ2012 ምርጫ በማነጻጸሪያነት ቀርቧል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ የዕለቱ ውጤት በአብዛኛው የሚለካው ደጋፊው በጠበቀውና በተደረገው መካከል ያለውን ርቀት እንጂ የውሳኔውን ጥራት አይደለም የሚል ነው። ይህ ማለት ግን ደጋፊው በዕለቱ መፍረድ አይችልም ማለት አይደለም። የቡድኑን ክፍተት፣ የምርጫውን ዋጋና የሚጠበቀውን ጊዜ ለይቶ ከጠየቀ፣ በዕለቱ በእጁ ባለው መረጃ ብቻ የተሻለ ፍርድ ሊሰጥ ይችላል።

ቁልፍ ቃላት፦ ድራፍት፣ ደጋፊዎች፣ ግምገማ፣ ውሳኔና ውጤት፣ ኤንኤፍኤል

1. መግቢያ

«እግር ኳስ» የሚለው ቃል በአማርኛ የሚያመለክተው በእግር የሚመታውን ክብ ኳስ ነው። እዚህ የሚነሳው ግን አሜሪካውያን በዚያው ስም የሚጠሩት፣ ሞላላ ኳስ በእጅ እየተወረወረና እየተያዘ የሚሮጥበት ጨዋታ ነው። ሁለቱን ጨዋታዎች ከሚለያዩት ነገሮች አንዱ ተጫዋች ወደ ክለብ የሚገባበት መንገድ ነው። የኢትዮጵያም ሆነ የአውሮፓ ክለብ ደጋፊ የክረምት ወሬው ዝውውር ነው፤ ገንዘብ ያለው ክለብ የፈለገውን ይገዛል። በኤንኤፍኤል ግን ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ወጣት የሚሄድበትን ክለብ አይመርጥም፤ ክለቡ ይመርጠዋል። ይህ የምርጫ ሥርዓት «ድራፍት» ይባላል።

ድራፍቱ የሚካሄደው ምንም ጨዋታ በሌለበት ወቅት ነው። ደጋፊው ለወራት የሚያየው ጨዋታ ስለሌለው ስሜቱን ሁሉ ወደ ምርጫው ያዞራል። ሊጉ በ2024 በዲትሮይት ከተማ በተካሄደው የሦስት ቀን ድራፍት ከ775,000 በላይ ሰው መገኘቱን አስታውቋል። ይህ ሁሉ ሕዝብ አንድም ኳስ ሲወረወር አላየም፤ የተሰበሰበው ስሞች ሲጠሩ ለመስማት ነበር። ስሞቹ ከተጠሩ በኋላ የሚከተለው ግምገማ ለአጥኚ ትኩረት የሚገባው፣ ሰዎች ውጤቱ ገና ባልታየ ውሳኔ ላይ እንዴት እንደሚፈርዱ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

ጽሑፉ የተመሠረተው በሊጉ ይፋ መዛግብትና በታተመ ጥናት ላይ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. የድራፍቱ አሠራርና የደጋፊው ቦታ

የድራፍትን ሐሳብ በ1935 ያቀረበው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት በርት ቤል ነበር። ጥቂት ሀብታም ክለቦች ጥሩ ተጫዋቾችን ሁሉ እየሰበሰቡ ደካሞቹ ይበልጥ እየደከሙ ስለሄዱ፣ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ክለብ ቅድሚያ እንዲመርጥ ሐሳብ አቀረበ። የመጀመሪያው ድራፍት በ1936 እዚያው ፊላደልፊያ ተካሄደ። ቅድሚያ ያገኘውም የራሱ የቤል ክለብ ሲሆን ጄይ በርዋንገር የተባለውን ተጫዋች መረጠ። በርዋንገር ግን በሊጉ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። በሥርዓቱ ታሪክ የመጀመሪያው ምርጫ ፍሬ አልባ መሆኑ፣ ኋላ ለሚመጣው እርግጠኛነት ማጣት ሁሉ እንደ መቅድም ሊታይ ይችላል።

ዛሬ 32 ክለቦች በሰባት ዙር ይመርጣሉ። የምርጫ ተራ ራሱ እንደ ገንዘብ ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ለቀጣይ ዓመትም በብድር መልክ ይሰጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሠልጣኝ ጂሚ ጆንሰን ዘመን በዳላስ ካውቦይስ ክለብ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ተራ ነጥብ ሰጥቷል፦ ለአንደኛው 3,000፣ ለሁለተኛው 2,600፣ ለአምስተኛው 1,700፣ ለ75ኛው ደግሞ 215። ሌሎች ክለቦችም ሠንጠረዡን ለረጅም ጊዜ የልውውጥ መነሻ አድርገውታል።

ደጋፊው በዚህ ሂደት ድምፅ የለውም። ቲኬት ይገዛል፤ በብዙ ከተሞች ስታዲየሙ በከፊል የሚሠራው ከሚከፍለው ግብር ነው፤ የምርጫው ውጤትም ለዓመታት አብሮት ይኖራል። ሆኖም የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ግምገማ ለደጋፊው መዝናኛ ብቻ ሳይሆን በክለቡ ጉዳይ ያለው ብቸኛ ተሳትፎ ነው። የግምገማው ጥራት ትርጉም የሚያገኘውም ከዚህ የተነሳ ነው፤ ድምፅ የሌለው ሰው ያለው ነገር ፍርዱ ብቻ ነውና።

3. የ1999 ጉዳይ

3.1 የሆነው

ኢግልስ የ1998ን የውድድር ዘመን በ3 ድልና በ13 ሽንፈት አጠናቀቀ። በዚህም ለ1999 ድራፍት ሁለተኛውን ተራ አገኘ። በከተማዋ የብዙ ደጋፊዎች ምኞት አንድ ነበር፤ ሪኪ ዊሊያምስ። ዊሊያምስ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሯጭ ሲሆን የዓመቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የሚሸለምበትን የሃይስማን ዋንጫ በ1998 የወሰደ፣ በዩኒቨርሲቲ ቆይታውም 6,279 ያርድ በመሮጥ በወቅቱ ክብረ ወሰን ያስመዘገበ ነበር። በፊላደልፊያ የስፖርት ሬዲዮ አስተባባሪነት ሠላሳ ያህል ደጋፊዎች ሚያዝያ 17 ቀን 1999 ድራፍቱ ወደሚካሄድበት ወደ ኒው ዮርክ ተጓዙ። ክለቡ የጠራው ስም ግን ዶኖቫን ማክናብ ሆነ፤ የሰራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውርና የማጥቃት እንቅስቃሴውን የሚመራ ተጫዋች። የ22 ዓመቱ ወጣት ወደ መድረኩ ሲወጣ ከተማውን ወክለው የመጡት ሰዎች በጩኸት ተቃወሙት። ትዕይንቱ በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላልፏል።

ከዚያ የሆነው ይታወቃል። ማክናብ በፊላደልፊያ 11 የውድድር ዘመናትን አሳለፈ፤ ክለቡን አምስት ጊዜ ለምድቡ የፍጻሜ ጨዋታ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለሱፐር ቦውል አደረሰ፤ ስድስት ጊዜ ለሊጉ ምርጥ ተጫዋቾች ቡድን ተመረጠ። በ2013 ክለቡ የለበሰውን 5 ቁጥር መለያ ለክብሩ ከአገልግሎት አስወጣ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «ደጋፊ አያውቅም» ለማለት ነው። ይህ ድምዳሜ ግን ራሱ ጉድለት አለበት። ጩኸቱ ስሕተት መሆኑን ኋላ ከተገኘው ውጤት ተነሥቶ ማሳየት ቀላል ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ አይጠቅምም። ጠቃሚው ጥያቄ፣ አንድ ደጋፊ በዚያች ዕለት በነበረው መረጃ ብቻ የተሻለ ሊፈርድ ይችል ነበር ወይ የሚለው ነው።

3.2 በዕለቱ ይታወቅ የነበረው

መልሱን ለማግኘት ከድራፍቱ በፊት የነበሩትን ወራት አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። የሚከተሉት አራት ነገሮች ሚያዝያ 17 ቀን ለማንም ደጋፊ ግልጽ ነበሩ።

አንደኛ፣ ክለቡ ሯጭ ነበረው። ዱስ ስቴሊ በ1998፣ በዚያ ደካማ ቡድን ውስጥ ሆኖ፣ 1,065 ያርድ ሮጧል። ሁለተኛ፣ ክለቡ ኳርተርባክ አልነበረውም ለማለት ይቻላል። ቦቢ ሆይንግ በዚያው ዓመት አንድም የተጠናቀቀ የነጥብ ውርወራ ሳይኖረው ዘጠኝ ኳሶችን ለተጋጣሚ አስረክቧል። ሦስተኛ፣ በጥር ወር የተቀጠረው አዲሱ ዋና አሠልጣኝ አንዲ ሪድ በግሪን ቤይ ፓከርስ የኳርተርባኮች አሠልጣኝ ነበር። አራተኛ፣ ክለቡ ከዚያው ከግሪን ቤይ ዳግ ፒደርሰን የተባለ፣ የሪድን አጨዋወት የሚያውቅ ልምድ ያለው ኳርተርባክ አስፈርሟል። የዚህ ዓይነት ፊርማ ለወደፊት ኮከብ የሚደረግ አይደለም፤ አንድ ወጣት እስኪበስል ቦታውን ለመጠበቅ ነው። በእርግጥም ፒደርሰን የዓመቱን የመጀመሪያ ዘጠኝ ጨዋታዎች ጀምሮ ቦታውን በኅዳር ወር ለማክናብ ለቀቀ።

እነዚህ አራት ፍንጮች በአንድነት ሲነበቡ ክለቡ ኳርተርባክ ለመምረጥ ከጥር ጀምሮ ሲሰናዳ እንደነበር ያሳያሉ። ደጋፊዎቹ የዊሊያምስን ችሎታ በመገመት አልተሳሳቱም። ዊሊያምስ በ2002 ለማያሚ ዶልፊንስ ሲጫወት በ1,853 ያርድ የሊጉ ቀዳሚ ሯጭ ሆኗል፤ በሙያ ዘመኑም ከ10,000 ያርድ በላይ ሮጧል። ስሕተታቸው ጥያቄውን «የተሻለው ተጫዋች ማን ነው?» በማለት ማንሳታቸው ነበር። ክለቡ ሲመልስ የነበረው «ይህ ቡድን የጎደለው ምንድን ነው?» የሚለውን ነው።

3.3 የስጋቱ ትክክለኛ ክፍል

ለደጋፊዎቹ ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በሁለተኛ ተራ ኳርተርባክ መምረጥ ያስፈራል ያለ ሰው አልተሳሳተም። በ1999 ከመጀመሪያዎቹ 12 ተመራጮች አምስቱ ኳርተርባኮች ነበሩ፦ ቲም ካውች በአንደኛ፣ ማክናብ በሁለተኛ፣ አኪሊ ስሚዝ በሦስተኛ፣ ዳንቴ ካልፔፐር በ11ኛ፣ ኬድ ማክናውን በ12ኛ ተራ። ካውች፣ ስሚዝና ማክናውን የተጣለባቸውን ተስፋ ሳይፈጽሙ ቀሩ። ኢግልስ ስሚዝን መርጦ ቢሆን ኖሮ ከላይ የተዘረዘሩት አራት ፍንጮች አንድም ሳይለወጡ ውጤቱ ግን ተቃራኒ በሆነ ነበር። እንግዲህ ፍንጮቹ የሚደግፉት የተጫዋቹን ቦታ እንጂ የማክናብን ማንነት አይደለም። ጥሩ ግምገማ ይህን ወሰኑን ማወቅ አለበት።

ይህን ወሰን በቁጥር የሚያጠናክር ጥናት አለ። ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ የመጫወቻ ቦታ ቀድሞ የተመረጠ ተጫዋች ከእርሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የተሻለ ሆኖ የሚገኝበት ዕድል 52 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ሳንቲም ከመወርወር ብዙ የማይርቅ ነው። አጥኚዎቹ ከዚህ የሚያወጡት ትምህርት ክለቦች ለከፍተኛ ተራዎች የሚከፍሉት ዋጋ በራሳቸው የመለየት ችሎታ ላይ ካላቸው ከልክ ያለፈ እምነት የመነጨ መሆኑን ነው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይህን ያህል ከተቸገሩ፣ የደጋፊው እርግጠኛነት ይበልጥ ሊለዝብ ይገባዋል።

4. ዋጋ፦ ሁለት ተጨማሪ ምሳሌዎች

በዚያው ዕለት ዊሊያምስን የወሰደው ኒው ኦርሊንስ ሴንትስ ነበር። አሠልጣኙ ማይክ ዲትካ አምስተኛውን ተራ ከዋሽንግተን ለማግኘት የ1999ን ምርጫዎቹን በሙሉ፣ በዚያም ላይ የ2000ን የአንደኛና የሦስተኛ ዙር ምርጫዎች ሰጠ። በአንድ ሰው ስምንት ምርጫዎች ተከፈሉ ማለት ነው። ሴንትስ ዓመቱን በ3 ድልና በ13 ሽንፈት ሲያጠናቅቅ ዲትካ ከሥራው ተሰናበተ። ዊሊያምስ መጥፎ ተጫዋች አልነበረም፤ ሆኖም ስምንት ወጣቶችን የሚተካ አንድ ሯጭ ማግኘት ከባድ ነው። የፊላደልፊያ ደጋፊዎች የተመኙት ሰው በሌላ ከተማ ተገኘ፤ ከእርሱም ጋር አንድ ምርጫ ከዋጋው ተነጥሎ ሊገመገም እንደማይችል የሚያሳይ ማስረጃ ተገኘ።

የክፍተት ጥያቄ ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳየው ደግሞ የሲያትል ሲሃውክስ የ2012 ድራፍት ነው። ሲያትል በዚያ ዓመት መጋቢት ማት ፍሊን የተባለ ኳርተርባክ አስፈርሞ ነበር። በክፍል 3 በተጠቀምንበት አነባበብ መሠረት የኳርተርባክ ክፍተቱ ተዘግቷል ማለት ነው። ክለቡ ግን በሦስተኛው ዙር በ75ኛው ተራ ራስል ዊልሰንን መረጠ። ቁመቱ ለቦታው ያጥራል የሚባልለት ተጫዋች ነበር። በአንደኛው ዙር የተመረጠው ብሩስ ኧርቪንም ብዙዎች ከገመቱት ተራ ቀድሞ የተጠራ ነበር። አንዳንድ ተንታኞች ለሲያትል የዓመቱን ዝቅተኛ ውጤት ሰጡ። ዊልሰን ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ የፍሊንን ቦታ ወሰደ፤ በሁለተኛው ዙር ከተመረጠው ከቦቢ ዋግነር ጋር ሆኖም ክለቡ በየካቲት 2014 ዴንቨርን 43 ለ 8 በማሸነፍ ሱፐር ቦውልን አነሣ።

የዊልሰንን ስኬት ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊተነብይ አይችልም ነበር። ሊመዘን ይችል የነበረው ዋጋው ነው። ከላይ በተጠቀሰው ሠንጠረዥ 75ኛው ተራ 215 ነጥብ ሲሆን ሁለተኛው ተራ 2,600 ነው፤ ልዩነቱ ከ12 እጥፍ ይበልጣል። በማይረባ ዋጋ የተገዛ ዕጣ ቢወድቅ የሚጎዳው ጥቂት ነው፤ ቢሳካ ግን የሚገኘው የክለቡን አሥር ዓመት የሚለውጥ ነው። ሲያትል ክፍተት ሳይኖርበት መምረጡ ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ስሌት ብቻ ነው። ይህንንም ስሌት ማንኛውም ደጋፊ በዕለቱ ሊሠራው ይችል ነበር።

ዝቅተኛው ውጤት ታዲያ ከየት መጣ? ከድራፍቱ በፊት ለወራት የሚወጡ የግምት ዝርዝሮች አሉ፤ ደጋፊውም ተንታኙም ከእነዚህ ጋር ይለማመዳል። በዝርዝሩ 40ኛ የተባለ ተጫዋች በ15ኛው ተራ ሲጠራ «ተቸኮለ» ይባላል፤ በ60ኛው ሲጠራ «ተገኘ» ይባላል። ውጤቱ የሚለካው እንግዲህ ክለቡ ከሕዝቡ ዝርዝር የራቀበትን መጠን ነው። ዝርዝሩ ትክክል መሆኑን የሚፈትን ግን የለም።

5. ጊዜ

ሦስተኛው ጥያቄ መቼ ይፈረድ የሚለው ነው። በደጋፊዎች ዘንድ «ሦስት ዓመት ጠብቅ» የሚል የቆየ ምክር አለ። ከ2011 የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ስምምነት ወዲህ ይህ ምክር የውል መሠረት አግኝቷል። በድራፍት የሚገባ ተጫዋች የመጀመሪያ ውሉ አራት ዓመት ነው፤ በአንደኛው ዙር የተመረጠን ተጫዋች ለአምስተኛ ዓመት ለማቆየት ክለቡ የሚወስነው ከሦስተኛው የውድድር ዘመን በኋላ ነው። ክለቡ ራሱ የመጨረሻ ፍርዱን የሚሰጠው ያኔ ከሆነ፣ ደጋፊው በሰዓታት ውስጥ የሚሰጠው ውጤት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚያሰኝ ነው።

መጠበቅ ግን የራሱ ችግር አለው። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚፈርድ ሰው ውጤቱን ስለሚያውቅ ውሳኔውን በውጤቱ መነጽር ያየዋል። የማክናብ መመረጥ «ግልጽ ነበር»፣ የስሚዝ መመረጥም «ግልጽ ስሕተት ነበር» ይመስለዋል፤ በዕለቱ ግን ሁለቱም በተከታታይ ተራ የተጠሩ፣ ተመሳሳይ ተስፋ የተጣለባቸው ነበሩ። ቶም ብሬዲ በ2000 በ199ኛው ተራ ሲመረጥ ሁሉም ክለቦች፣ በመጨረሻ የመረጠው ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ጭምር፣ ደጋግመው አልፈውት ነበር። ዛሬ ያን ምርጫ እንደ ጥበብ ማወደስ ዕድልን በጥበብ ስም መጥራት ነው።

6. ለግምገማ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ከላይ ከቀረበው የሚከተለውን አሠራር ማውጣት ይቻላል። ደጋፊው በዕለቱ፣ ውጤት ከመስጠቱ በፊት፣ ሦስት ጥያቄዎችን ለይቶ ይጠይቅ።

ሀ) ክፍተት፦ ከጥር ጀምሮ የተደረጉ ቅጥሮች፣ ፊርማዎችና ስንብቶች አብረው ሲነበቡ ቡድኑ የጎደለው ምንድን ነው? ምርጫውስ ከዚህ ጋር ይስማማል?

ለ) ዋጋ፦ ለዚህ ተጫዋች ምን ተከፈለ? ተራው ራሱ፣ በልውውጥ የተሰጡ ምርጫዎችና የተተዉት አማራጮች ተደምረው ዋጋው ምን ያህል ነው? ቢወድቅስ ክለቡ ምን ያህል ይጎዳል?

ሐ) ጊዜ፦ ከዚህ ተጫዋች ምን፣ መቼ ይጠበቃል? ለመብሰል የሚያስፈልገው ዓመት በክለቡ ዕቅድ ውስጥ አለ?

መልሶቹ በጽሑፍ ቢቀመጡ ይመረጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደጋፊው ሲመለስ ሁለት የተለያዩ ፍርዶችን ሊሰጥ ይችላል፤ አንዱ ውሳኔው በዕለቱ ተገቢ ነበር ወይ የሚል፣ ሌላው ውጤቱ ምን ሆነ የሚል። ሁለቱን አለመቀላቀል የግምገማ ሁሉ መነሻ ነው። ማስታወሻ የሌለው ሰው ሁለተኛውን ፍርድ ወደ ኋላ ወስዶ የመጀመሪያው አድርጎ ያስታውሰዋል።

7. ማጠቃለያ

የ1999ኙ ጩኸት የለካው ሠላሳ ሰዎች ይዘውት በተጓዙትና በተሰጣቸው መካከል የነበረውን ርቀት ነው። ያ ርቀት እውነተኛ ስሜት ነው፤ ለዓመታት ሲሸነፍ የኖረ ቡድንን የሚወድ ሰው ሊያዝን መብቱ ነው። ችግሩ ስሜቱ የውሳኔ ምዘና መስሎ መቅረቡና ሸክሙን በውሳኔው ውስጥ ምንም ድርሻ ያልነበረው የ22 ዓመት ወጣት መሸከሙ ነው። ያ ዕለት ማክናብ በፊላደልፊያ በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ ከስሙ ጋር ሲነሣ ኖሯል።

በሌላ በኩል «ደጋፊ አያውቅም» የሚለው የተለመደ ድምዳሜም አልጸናም። በዚያች ዕለት ስለ ስቴሊ፣ ስለ ሆይንግ፣ ስለ ሪድና ስለ ፒደርሰን የሚያውቅ ሰው፣ የክለብ ምሥጢር ሳያስፈልገው፣ የክለቡን ሐሳብ ሊያነብ ይችል ነበር። መረጃው በእጁ ነበር፤ ያልነበረው ጥያቄው ነው። ይህ ትምህርት ከጨዋታ ሜዳ ውጪም ይሠራል። ተማሪን ለመቀበል፣ ለጥናት ገንዘብ ለመስጠት ወይም ባልደረባን ለመቅጠር በሚሰበሰብ ኮሚቴ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ውጤቱ ገና ባልታየ ነገር ላይ ይፈርዳል። ከመፍረዱ በፊት ምን እንደሚለካ ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ ኋላ ሲመለስ የሚማርበት ነገር ያገኛል።